ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሌዘር መቁረጫ ማሽንና የእሳት ጥንቃቄ በአጥቢያችን

(በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ አካባቢ ለሚገኙ አጥቢያዎች የሰበካ ጉባኤ የልማት ክፍል ተጠሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ።)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በእናንተ ፊት የቆምኩት እንደ ሰባኪ ሳይሆን እንደ አንድ የእጅ ሙያተኛ ነው። ከእንጨት፣ ከፕሌክሲግላስና ከቆዳ ልዩ ልዩ ዕቃዎችን በሌዘር ማሽን ቆርጬ በማውጣት የምተዳደር ሰው ነኝ። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ማሽን ነው። በቅርብ ጊዜያት ከአንዳንድ አጥቢያዎች የመጡ የልማት ኮሚቴ አባላት ወደ ሥራ ቦታዬ ጎራ እያሉ ስለ ዋጋው፣ ስለ ጥራቱና ስለሚያስገኘው ገቢ ይጠይቁኛል። ለሥራ አጥ ወጣቶች የሙያ በር ለመክፈት፣ ለበዓላት የሚሆኑ የእንጨት መስቀሎችን፣ የሥዕል ፍሬሞችን፣ የቁልፍ መያዣዎችንና የበር ሰሌዳዎችን በአጥቢያቸው አሠርተው ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚውል ገቢ ለማግኘት አስበዋል። አሳቡ መልካም ነው፤ እኔም ደግፌዋለሁ። ነገር ግን ከጠየቁኝ ሰዎች መካከል ስለ እሳት የጠየቀኝ አንድም አልነበረም። ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ነገሬን በራሴ ጥፋት እጀምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አነስተኛ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ለአንድ ክብረ በዓል የሚታደሉ ትንንሽ የእንጨት መስቀሎች ታዘው ነበርና በአንድ ሰሌዳ ላይ አርባ ያህል መስቀሎችን አጠጋግቼ በመደርደር ማሽኑን አስነሣሁት። ሥራው ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚወስድ ነበር። በመካከል ደንበኛ መጥቶ ከበር ጠራኝ። «አሁን እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። የቆየሁት ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው። ከጎረቤት ያሉ እናት ቡና እየቆሉ ነበርና ጭሱ ሲሸተኝ የእርሳቸው መሰለኝ፤ እርሳቸውም በበኩላቸው የእኔ ሥራ የዘወትር ጭስ መስሏቸው ነበር። «ልጄ፣ የዛሬው ጭስ ጠቆረብኝ» ብለው በግንቡ ላይ ብቅ ባይሉ ኖሮ ቤቱ በሙሉ ይጠፋ ነበር። ስመለስ የማሽኑ ክዳን እየቀለጠ፣ ነበልባሉ ወደ ጭስ መሳቢያው ቱቦ እየተሳበ አገኘሁት። የእሳት ማጥፊያው የተሰቀለው ደግሞ ከማሽኑ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ነበር። ማጥፊያውን ለማውረድ እጄን በነበልባሉ ላይ ማሳለፍ ነበረብኝ። ጠባሳው እስከ ዛሬ በክንዴ ላይ አለ።

ከዚያ ቀን ያገኘሁት ትምህርት ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ተለይቼው መሄዴ ስሕተት እንደ ነበረ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማጥፊያው ከእሳቱ ወዲያ ሳይሆን ከበሩ ወዲህ መሰቀል እንደ ነበረበት ነው። የቀረው ንግግሬ በእነዚህ በሁለቱ ላይ የተመሠረተ ነው።

ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ

የሌዘር ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካዊው ቴዎዶር ማይማን ነው። ዛሬ እንጨትና ፕሌክሲግላስ የምንቆርጥበት ዓይነት ግን ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1964፣ በትውልድ ሕንዳዊ በሆነው ኩማር ፓቴል የተፈለሰፈ ነው። በመስታወት ቱቦ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከናይትሮጅንና ከሂሊየም ጋር ተቀላቅሎ ይታሸጋል፤ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲያልፍበትም ብርሃን ያመነጫል። ይህ ብርሃን በዓይን አይታይም። በመስታወቶች እየተንጸባረቀ መጥቶ በመጨረሻ በአንዲት ሌንስ አማካይነት ከመርፌ ጫፍ በማትበልጥ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል።

አንድ የመቶ ዋት አምፖል ክፍልን ከማብራት የዘለለ ጉዳት እንደማያደርስ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የዚያኑ ያህል ኃይል በመርፌ ጫፍ ላይ ሲሰበሰብ ግን እንጨቱን በቅጽበት ወደ ጭስና ወደ አመድ ይለውጠዋል። በልጅነታችን በመነጽር የፀሐይን ጨረር ሰብስበን ገለባ ስናቃጥል ያየነው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የሌዘር ማሽን እንጨትን የሚቆርጠው እንደ መጋዝ በስለት አይደለም፤ እያቃጠለ ነው የሚቆርጠው። እሳት በዚህ ማሽን ላይ ከውጭ የሚመጣ አደጋ ሳይሆን የሥራው ጠባይ ነው። ጥያቄው እሳቱ በተመደበለት ሥፍራና መጠን ይቆያል ወይስ ያልፋል የሚለው ብቻ ነው።

እሳቱ ከመጠኑ የሚያልፍባቸው ምክንያቶች

ከልምድ የማውቃቸውን ምክንያቶች በቅደም ተከተል ልዘርዝር።

አንደኛው ዝግታና ቅርርብ ነው። ጨረሩ በአንድ ሥፍራ ላይ በዘገየ ቁጥር ሙቀቱ ይከማቻል። የእኛ መስቀሎች ደግሞ ሐረግ የበዛባቸው፣ ቀዳዳቸው የተቀራረበ ናቸው። ውበታቸው በዚሁ ነው፤ ለእሳት የሚመቹትም በዚሁ ነው። አንዱ ቀዳዳ ሳይበርድ አጠገቡ ያለው ይቆረጣል፤ መካከል ላይ ያለችው ቀጭን እንጨት ትግላለች፤ ከዚያም ትነድዳለች። መፍትሔው ጨረሩ ከአንዱ መስቀል ወደ ሩቁ፣ ከሩቁም ወደ ሌላው እንዲዘዋወር የአቆራረጡን ተራ አስቀድሞ በኮምፒውተሩ ማስተካከል፣ በመስቀሎቹም መካከል በቂ ክፍተት መተው ነው። እንጨት ይተርፋል ብለን አጠጋግተን ስንደረድር የምናተርፈው ከምናጣው ጋር አይመዛዘንም።

ሁለተኛው የአየር ንፊያው መቋረጥ ነው። በጨረሩ አጠገብ ከኮምፕሬሰር የሚመጣ አየር ያለ ማቋረጥ ይነፍሳል። ይህ አየር በተቆረጠው ሥፍራ ላይ የሚነሣውን ነበልባል ያጠፋል፤ ሌንሷንም ከጥላሸት ይጠብቃል። ኮምፕሬሰሩ ድምፁ ያውካል ተብሎ ሲጠፋ ወይም ቱቦው ሲላቀቅ ማሽኑ መቁረጡን ይቀጥላል፤ ጠባቂውን ግን አጥቷል።

ሦስተኛው ቆሻሻ ነው። ተቆርጠው የሚወድቁ ቁርጥራጮች ከማሽኑ ወለል ሥር ይከማቻሉ። ከላይ የሚወድቅ አንድ ፍንጣሪ ያገኛቸው እንደ ሆነ ምድጃ ተዘጋጅቶለታል ማለት ነው። በጭስ መሳቢያው ቱቦ ውስጥ የሚለጠፈው ጥላሸትም እንዲሁ ይነድዳል። ወለሉ በየዕለቱ፣ ቱቦው ደግሞ በየጊዜው መጽዳት አለበት።

አራተኛው የጨረሩ ቆሞ መቅረት ነው። ማሽኑ እየተንቀሳቀሰ ሳለ ቀበቶው ቢያዝ ወይም ቁርጥራጭ እንጨት ቀና ብሎ መንገዱን ቢዘጋበት፣ ጨረሩ በአንድ ነጥብ ላይ ቆሞ ያቃጥላል። ይህን ማየትና ማቆም የሚችለው አጠገቡ የቆመ ሰው ብቻ ነው።

አምስተኛው የመብራት መቆራረጥ ነው። ይህ በእኛ አካባቢ የታወቀ ነው። መብራት ሲጠፋ ጨረሩም ይጠፋል፤ ስለዚህ ብዙዎች አደጋው አብሮ የጠፋ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ጭስ መሳቢያውም፣ የአየር ንፊያውም፣ ቱቦውን የሚያቀዘቅዘው የውኃ ፓምፕም አብረው ቆመዋል። በእንጨቱ ጠርዝ ላይ የቀረው ፍም ግን ማንንም ሳይጠይቅ ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ሠራተኛው የማሽኑን ማብሪያ ማጥፋት፣ ክዳኑን ከፍቶ እንጨቱን መመርመር፣ ፍም ካለ ማጥፋት ይገባዋል እንጂ «መብራት እስኪመጣ ሻይ ልጠጣ» ብሎ መሄድ የለበትም። መብራቱ ሲመለስም ማሽኑ በሰው ትእዛዝ እንጂ በራሱ እንዳይነሣ መረጋገጥ አለበት።

ስድስተኛው የማይቆረጠውን መቁረጥ ነው። በገበያችን «ሌዘር» የሚለው ቃል ለሁለት ነገር ይነገራል፤ ለማሽኑም፣ ቆዳ ለሚመስለው ሰው ሠራሽ ልባስም። በስም ቢመሳሰሉም እነዚህ ሁለቱ መገናኘት የለባቸውም። ሰው ሠራሹ ቆዳ ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ሊኖርበት ይችላል። ፒቪሲ በሌዘር ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ይህም እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል። የሠራተኛውን ሳንባ ይጎዳል፤ ማሽኑንም ያዝገዋል። ፕሌክሲግላስ ደግሞ በሌዘር የሚቆረጥ ቢሆንም ከእንጨት ይልቅ ያሠጋል፤ ሲነድድ ይቀልጣል፤ እየነደደም ይንጠባጠባል። ኤምዲኤፍና ኮምፔንሳቶ ሙጫ ስላለባቸው ጭሳቸው ይከብዳል፤ ፍማቸውም በውስጥ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ወደ ማሽኑ አይግባ።

ማሽኑ የት ይቀመጥ?

ክቡራን አባቶች፤ አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። እስካሁን የተናገርኩት የሠራተኛው ኃላፊነት ነው። የማሽኑ ቦታ ግን የኮሚቴው ኃላፊነት ነው።

ያነጋገሩኝ ኮሚቴዎች በአብዛኛው ያሰቡት ቦታ ከአዳራሹ ሥር ያለ ምድር ቤት፣ ወይም ከዕቃ ቤቱ ጋር በግድግዳ የሚዋሰን ክፍል ነው። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ቦታው ባዶ ነው፤ ኪራይ አይከፈልበትም፤ ጥበቃም አለው። እኔ ግን አባቶቻችን እሳትንና ቅዱስ ሥፍራን እንዴት አድርገው እንዳኖሯቸው እንድናስብ እለምናለሁ። ቤተ ልሔም ለመሥዋዕቱ የሚሆነው ኅብስት የሚጋገርበት የከበረ ቤት ነው። ክብሩ ይህን ያህል ሆኖ ሳለ ከቤተ መቅደሱ ተለይቶ ለብቻው ይሠራል፤ ኅብስቱ በእሳት ላይ ሳለም አገልጋዩ ጥሎት አይሄድም። ጽናውም እንዲሁ ነው፤ ፍም ይዞ ወደ መቅደስ ይገባል፤ ነገር ግን ከያዡ እጅ አይለይም፤ የዕጣኑ ጸሎት ሲያበቃም ፍሙ የሚደፋበት ሥፍራ የታወቀ ነው። እንግዲህ ለእሳት የተለየ ቤት፣ ለእሳት የተመደበ ጠባቂ፣ ለፍም የታወቀ ማፍሰሻ መስጠት ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። አዲሱ ማሽኑ ብቻ ነው።

ስለዚህ ማሽኑ ከቤተ መቅደሱ፣ ከዕቃ ቤቱ፣ የብራና መጻሕፍት ከተቀመጡበት ክፍልና ሕፃናት ከሚማሩበት ቤት ተለይቶ፣ ግድግዳው ከብሎኬት ወይም ከድንጋይ፣ ወለሉ ከሲሚንቶ በተሠራ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት በር ባለው ክፍል ውስጥ ይቀመጥ። ምድር ቤት አይሁን፤ ጭስ በምድር ቤት ሲታፈን መውጫውን ያሳጣልና። እንዲህ ያለ ቦታ በግቢው ከሌለ ከግቢው ውጭ ይፈለግ። እርሱም ካልተገኘ ማሽኑ ባይገዛ ይሻላል። ይህን የምለው ከማሽኑ እንጀራ የምበላው እኔ ነኝ።

አንዳንድ አባት ይህ ማጋነን እንዳይመስላቸው ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1992 በእንግሊዝ አገር የዊንድሶር ቤተ መንግሥት ተቃጥሎ ከመቶ በላይ ክፍሎች ተጎድተዋል። እሳቱ የተነሣው በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ካለው የጸሎት ቤት ነበር፤ ምክንያቱም መጋረጃ ከጋለ መብራት ጋር መነካካቱ ነው። አንድ መብራትና አንድ መጋረጃ! እኛ ስንት መብራትና ስንት መጋረጃ እንዳለን እናንተ ታውቃላችሁ። ሁለተኛው በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በፓሪስ የደረሰው የኖትርዳም ካቴድራል ቃጠሎ ነው። የእሳቱ መነሻ በእርግጠኝነት ተለይቶ አልታወቀም። የታወቀው ግን የማስጠንቀቂያው ደወል ከጮኸ በኋላ ጠባቂው መጀመሪያ ወደ ሌላ ክፍል በመሄዱ ግማሽ ሰዓት ያህል መባከኑ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለዘመናት የኖረው የጣሪያው እንጨት ከሰው እጅ ወጣ። ደወል ነበረ፤ ጠባቂም ነበረ፤ የጎደለው ጠባቂው የት መሄድ እንዳለበት አስቀድሞ ማወቁ ነው።

ወደ ራሳችን ከተማም ስንመለስ፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የአካባቢው መጨናነቅና የመንገዱ ጥበት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ምን ያህል እንዳስቸገረ አይተናል። አሁን ደግሞ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ፣ ከኮተቤና ከየካ ተራራ ግርጌ ያሉትን መንገዶቻችንን እናስብ። ዳገት ናቸው፤ ብዙዎቹ ጠባብ ናቸው። ውኃ የጫነ ከባድ መኪና ወደ ደጃችን ሊወጣ ይችላልን? በንግሥ ዕለት መኪና በቆመበት መንገድስ? መልሱን በዓይናችን አይተን እንወቅ እንጂ በግምት አንተወው።

የእንጦጦ ነገር

ከእንጦጦ በላይና በታች ላሉ አጥቢያዎች የምለው ተጨማሪ ነገር አለ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑባት በእንጦጦ ማርያም ዙሪያ፣ በእንጦጦ ራጉኤል፣ በኪዳነ ምሕረት፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ተራራም ከዓለት በተፈለፈለው በዋሻ ሚካኤል አካባቢ ያለው ቅርስ በገንዘብ የሚተመን አይደለም። በሸራ ላይ የተሳሉ ሥዕላት፣ የብራና መጻሕፍት፣ የቆዩ የእንጨት ሥራዎች አሉበት። የተቃጠለ አዳራሽ እንደገና ይሠራል፤ የተቃጠለ ብራና ግን አይተካም።

ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍም የመጣው በዚያው በምኒልክ ዘመን፣ የአገር በቀሉ ደን ተመናምኖ ማገዶ በጠፋበት ጊዜ ነው። ለከተማይቱ ባለውለታ ነው። ነገር ግን ቅጠሉ ዘይት አለው፤ የረገፈው ቅጠልና የተላጠው ቅርፊት በበጋ ወራት ደርቆ ከመሬት ላይ ይከማቻል። በዚያ ወቅት ከማሽኑ የጭስ መሳቢያ የሚወጣ አንድ ፍንጣሪ፣ ወይም ያልበረደ ቁርጥራጭ ከአጥር ጥግ መጣሉ ይበቃል። ስለዚህ የጭሱ መውጫ ወደ ዛፍ፣ ወደ ደረቅ ሣርና ወደ ጣሪያ ክፈፍ አይዙር፤ በዙሪያው ያለው ቅጠል ይጠረግ፤ ቱቦው ከፕላስቲክ ሳይሆን ከቆርቆሮ የተሠራ ይሁን። ቁርጥራጩም ክዳን ባለው የብረት በርሜል ውስጥ ተከቶ ከቤት ውጭ ይደር እንጂ በዕለቱ ከማዳበሪያ ከረጢት አይግባ።

እሳቱ ቢነሣስ?

ሁሉን ተጠንቅቀንም እሳት ሊነሣ ይችላል። ያን ጊዜ የሚደረገው አስቀድሞ የተለማመዱት ብቻ ነው።

ሠራተኛው በመጀመሪያ ቀዩን የአደጋ ማቆሚያ ይጫን። ጨረሩና የአየር ንፊያው ሲቆሙ ትንንሽ ነበልባሎች ብዙውን ጊዜ በራሳቸው ይከስማሉ። ካልከሰመ በእሳት መከላከያ ብርድ ልብስ ይሸፈን፤ ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ይጥፋ። በማሽኑ ቱቦ ውስጥ ጨረሩን የሚፈጥረው ጋዝና እሳቱን የሚያጠፋው ጋዝ አንድ ዓይነት መሆናቸው ያስደንቃል፤ ይህ ማጥፊያ በመስታወቶቹና በሌንሷ ላይ ዱቄት ስለማይተው ለማሽኑ የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ በእጅ ያለው የዱቄት ማጥፊያ ብቻ ከሆነ «ማሽኑ ይበላሻል» ተብሎ አይታሰብ፤ ማሽን ከቤት፣ ቤትም ከሰው አይበልጥም። ውኃ ግን አይደፋበት፤ ለቱቦው የሚደርሰው ኤሌክትሪክ በብዙ ሺህ ቮልት የሚቆጠር ነውና። ጋዙ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሰውንም ትንፋሽ ስለሚያሳጣ፣ የተጠቀመበት ሰው ወዲያው ይውጣ።

በአንድ ማጥፊያ ካልጠፋ ከዚያ በኋላ የሠራተኛው ሥራ ማጥፋት አይደለም። ሰው ይውጣ፤ ዋናው የኤሌክትሪክ ማቋረጫ ይውረድ፤ በሩ ይዘጋ፤ ለከተማው የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር በ939 ይደወል። የምንደውለው እሳቱ ካሸነፈን በኋላ አይሁን፤ አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ይደውል። የጠፋ እሳት ላይ ደርሶ የተመለሰ መኪና ማንንም አላሳፈረም።

ከቃለ ጉባኤው የሚሰፍር

ወደ አጥቢያችሁ ተመልሳችሁ የማሽን ግዢ ስትወያዩ፣ ከዋጋውና ከገቢው ጋር የሚከተለው በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር እለምናለሁ።

የማጥፊያው፣ የብርድ ልብሱ፣ የብረት ቱቦውና የኤሌክትሪክ መስመሩ ወጪ ከማሽኑ ዋጋ ጋር አንድ ሆኖ ይጸድቅ፤ «በኋላ እንገዛለን» የተባለ ማጥፊያ ከእሳቱ በፊት አይደርስም። መስመሩ በባለሙያ ለብቻው ይዘርጋ፤ የራሱ ማቋረጫም ይኑረው፤ ከአዳራሹ ማከፋፈያ በተጎተተ ገመድ አይሥራ። ማጥፊያው ከበሩ አጠገብ ይሰቀል፤ በየጊዜውም ይመርመር። ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች ሳይገኙ ማሽኑ አይነሣ፤ አንዱ ቢጠራ ሌላው እንዲቀር ነው። ሥራው በቅዳሴና በጉባኤ ሰዓት፣ በሌሊትም አይሠራ። ሥራው ካበቃ በኋላ ሠራተኛው ግማሽ ሰዓት ቆይቶ፣ ወለሉን ጠርጎ፣ ቁርጥራጩን በእጁ ዳስሶ እንጂ ሳያይ አይዝጋ። የግቢው ጥበቃ ቁልፉ የት እንዳለ፣ ኤሌክትሪኩ ከየት እንደሚቋረጥ፣ በየትኛው በር መኪና እንደሚገባ ይወቅ፤ የሌሊቱም ተረኛ እንዲሁ። ከሁሉም በፊት በአካባቢያችን ያለው የእሳት አደጋ ቅርንጫፍ ባለሙያዎቹን ልኮ ግቢውን እንዲያይልን እንጠይቅ። እነርሱ መንገዱን በሰላም ቀን ቢያውቁት በመከራ ቀን አይጠፋባቸውም።

ይህ ሁሉ ለአንድ ማሽን በዛ የሚል ቢኖር መልሴ አጭር ነው። ከዝርዝሩ አብዛኛው ማሽን ለሌለውም አጥቢያ የሚያስፈልግ ነው። ጧፍና ሻማ አለን፤ የቤተ ልሔም ምድጃ አለን፤ ያረጀ የኤሌክትሪክ መስመር አለን፤ በበዓል ቀን ጄኔሬተር እናስነሣለን። ማሽኑ እስከ ዛሬ ሳንጠይቀው የኖርነውን ጥያቄ እንድንጠይቅ ምክንያት ከሆነን፣ ከመስቀሎቹ ሽያጭ የሚበልጥ ጥቅም ሰጥቶናል።

በመጨረሻ ስለ ወጣቶቹ አንድ ቃል ልጨምር። በዚህ ማሽን ላይ የምናስቀምጣቸው ልጆች ዕድሜያቸው ከሃያ የማይዘል፣ ለመሥራት የሚቸኩሉ ናቸው። እኔም በዚያ ዕድሜዬ ነበርኩ፤ ማሽኑን ትቼ የወጣሁት ስንፍና ይዞኝ ሳይሆን ደንበኛን ላለማስከፋት ነው። «ማሽኑ እየሠራ ሳለ ማንም ቢጠራህ አትሂድ፤ አባት ቢጠሩህም እንኳ» ብሎ የነገረኝ አልነበረም። እናንተ ግን ንገሯቸው። ነግራችሁም አትጥሯቸው፤ ወደ እነርሱ ሂዱ። ሥራው እስኪያበቃ ደንበኛውም፣ አስተዳዳሪውም፣ ኮሚቴውም ይጠብቅ። ልጁ ከማሽኑ አጠገብ በመቆሙ ተግሣጽ ሳይሆን ምስጋና የሚያገኝበት አጥቢያ፣ ከሁሉ የበለጠ የእሳት መከላከያ አለው።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ቅጠሉ ዛሬ በእጃችን ነው።

እግዚአብሔር አጥቢያዎቻችንንና የወጣቶቻችንን የእጅ ሥራ ይባርክ፤ ከድንገተኛ አደጋም ይሰውረን። አሜን።